የሚግለውን ኮምፒዩተር ስለ ማብረድና ወደፊት ስለሚጨመርለት ነገር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በኮምፒዩተር ክበብ የ12ኛ ክፍል አባላት ስም የተነበበ ንግግር



በዚህ በዓል ላይ እንድንናገር ሲፈቀድልን ስለ ምን እንናገር በማለት ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ስለ ዕውቀት ጥቅም፥ ሌሎቻችን ስለ ወጣቶች ግዴታ ይሁን አልን። በመጨረሻ የተስማማነው ግን እጃችን በነካው ነገር ላይ እንድንናገር ነው። እሱም በኮምፒዩተር ክፍላችን በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው፥ ሥራ በጀመረ በሩብ ሰዓት ውስጥ እየጋለ ይጠፋ የነበረው አሮጌ ኮምፒዩተር ነው።

የወላጆች ኮሚቴ ባለፈው ስብሰባው፥ ይህ ዕቃ ይጠገናል ወይስ ተጥሎ ለአዲስ መግዣ ገንዘብ ይዋጣ? ሲል ጠይቆ እንደ ነበር ሰምተናል። ጥያቄው የተጠየቀው ለእኛ ባይሆንም መልሱን ፈልገናል። ሳናስረዝም አስቀድመን እንናገረው፤ ኮምፒዩተሩ ይበርዳል፥ በርዷልም፤ ገና የሚያገለግልበት ዘመን አለው፤ ነገር ግን የሚወጣበት ገንዘብ ቅደም ተከተል አለው፤ ከተወሰነ ልክ በላይም አንድ ብር እንኳ ሊወጣበት አይገባም። የቀረው ንግግራችን ይህን ማስረዳት ነው።

ነገሩ የጥቂት ልጆች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ2016 ዓ.ም. ብሔራዊው የ12ኛ ክፍል ፈተና በወረቀት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። በትልቅ ከተማ ያደገ ተማሪ ማውስ ከልጅነቱ የለመደው ነው። የእኛ ጓደኛ ግን ከቦረና ገጠር በእግሩ መጥቶ፥ ከሦስት ልጆች ጋራ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፥ ስንቅ እየተላከለት የሚማር ነው። ጥያቄውን አውቆት፥ መልሱንም አውቆት፥ ቀስቷ በመስታወቱ ላይ ወዴት እንደ ገባችበት ሲፈልግ ጊዜው ቢያልቅበት ያሳዝናል። ይህ ልጅ በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ ኮምፒዩተር ፊት መቀመጥ የሚችለው በትምህርት ቤቱ ያሉት ሲሠሩለት ብቻ ነው። ካሉን ከአሥራ አንዱ አንድ በጠፋ ቁጥር ሦስት ተማሪ በአንድ አግዳሚ ላይ ይደራረባል፤ በዚያን ጊዜ ማውሱን የሚይዘው ጉልበት ያለው ነው፤ እኅቶቻችን ከኋላ ቆመው ያያሉ። ይህን በዓይናችን ስላየን ነው የምንናገረው።

ዕቃን ማምጣት አንድ ነገር ነው፤ ማቆየት ሌላ ነገር ነው። ፕላዝማ የምንለው ቴሌቪዥን በ1997 ዓ.ም. በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብቶ ታላላቆቻችን በእሱ ተምረዋል፤ ዛሬ ግን በብዙ ቦታ ግድግዳው ላይ የቀረው ጥቁር መስታወቱ ነው። እኛ የመቅደላ አገር ልጆች ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት፥ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ አምባው ድረስ መውጣቱን ስንሰማ አድገናል፤ ዛሬም እዚያው ተጋድሞ ይገኛል። ስለ መጎተቱ ሁሉም ሰው ያወራል። አንድ ዕቃ ከወጣ በኋላ ማን ይጠብቀዋል፥ ማን ይወለውለዋል የሚለውን ግን የሚያወራው ጥቂት ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን የመጀመሪያ ፊደላችንን በቈጠርንበት በሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ የልብስ ስፌት መኪና ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳትጠረግና ዘይት ሳትቀባ ሰኞ ሥራ አትጀምርም ነበር። ዕድሜዋ ከመምህሮቻችን ዕድሜ ይበልጥ ነበር፤ ትሠራም ነበር።

እንግዲህ ስለ ዕቃው እንናገር። የሠራውን ፋብሪካ ስም መጥራት አያስፈልገንም፤ ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለምና። በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ያወጣው ኮር አይ ፋይቭ 2400 ነው፤ የራሙ ልክ 4 ጊጋ ባይት ነው፤ ሃርድ ዲስኩ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ነው። በሌላ አገር ቢሮ ጥቂት ዓመት አገልግሎ ወደ እኛ የመጣ ነው። ይህም የሚያሳፍር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአየርላንድ የተመሠረተው ካማራ የተባለው ድርጅት ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች የላካቸው ኮምፒዩተሮች እንደዚሁ ተጠግነው ሁለተኛ ዕድሜ ያገኙ ናቸው። ሁለተኛ ዕድሜ ያለው ዕቃ ግን እንደ ሽማግሌ አባት አያያዝ ይፈልጋል።

ኮምፒዩተር ለምን ይግላል? ኤሌክትሪክ በፕሮሰሰር ውስጥ አልፎ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ፍጻሜው ሙቀት ነው። የእኛው ፕሮሰሰር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 95 ዋት ያህል ሙቀት እንዲወጣለት ታስቦ የተሠራ ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን የጥንቱን ባለ 100 ሻማ አምፖል ታስታውሳላችሁ፤ በርቶ ከቆየ በእጅ አይነካም ነበር። ያን የሚያህል ሙቀት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ በማይበልጥ ቦታ ላይ ይወለዳል ብላችሁ አስቡ። ሙቀቱ ከዚያች ትንሽ ቦታ ተነሥቶ በላዩዋ ወደ ተቀባው ለጥፍ ይሻገራል፤ ከለጥፉ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ወደ ተደረደሩት የብረት ክንፎች ይሄዳል፤ ከክንፎቹ ላይ ፋን የምንለው ማራገቢያ ገፍቶ ከአየር ጋራ ይቀላቅለዋል፤ አየሩም በኋላ በኩል ባለው ቀዳዳ ይወጣል። ውኃ በቦይ እንደሚሄድ ማለት ነው። ከአራቱ በአንዱ ቦታ ቦዩ ቢደፈን ሙቀቱ ወደ ኋላ ይተኛል።

ፕሮሰሰሩም እንዲሁ ዝም ብሎ አይቃጠልም። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብ በገዛ ራሱ ሥራውን ያዘገያል፤ ያም ካልበቃው መብራቱን ዘግቶ ይጠፋል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚታየው ምልክት መጥፋት ሳይሆን መንቀርፈፍ ነው። በዚህ ጊዜ ሁላችንም አንድ ቃል እንላለን፤ «ቫይረስ ገብቶታል!» እንላለን። ከተማ የወሰዱት ሰዎችም ሁለት ጊዜ ቫይረስ ነው ተብለው፥ ዊንዶውሱ እንደገና ተጭኖለት፥ ገንዘብ ተከፍሎበት ተመልሷል። በሦስተኛው ጊዜ ሞቷል ተባለ። ሦስቱንም ጊዜ ክዳኑን ከፍቶ ያየው ሰው አልነበረም።

በዚህ ላይ የአገራችን አቀማመጥ አለበት። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። እናቶቻችን ይህን ከፊዚክስ መጽሐፍ ሳያነቡ ያውቁታል፤ ውኃ በዚህ አገር በ100 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሽምብራና ባቄላ ከቆላው ይልቅ ቆይቶ ይበስላል። ለኮምፒዩተሩ ደግሞ እንዲህ ነው፤ ፋኑ በደቂቃ የሚዞረው ያው ነው፥ የሚገፋውም የአየር ስፋት ያው ነው፥ ነገር ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ተሸክሞት የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። በአንድ በኩል የደጋው ብርድ ይክሰናል፤ ጧት በሦስት ሰዓት ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ደኅና ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው፥ አርባ ተማሪም በአንድ ክፍል ሲተነፍስ፥ ያ ካሳ ያልቃል። መምህራችን «ጧት የሠራ ከሰዓት ለምን እንቢ ይላል?» ብለው ይገረሙ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ግን አቧራ ነው። በበጋ፥ ይልቁንም ከኅዳር እስከ ጥር እህል በሚወቃበት ጊዜ፥ ከአውድማው የሚነሣው እብቅ በነፋስ ይመጣል፤ ከመንገዱ አፈር ጋራ፥ ከጭስም ጋራ ይደባለቃል። ፋኑ አየር እንደሚስብ ሁሉ ይህንንም ይስባል። የክንፎቹን መካከል ብንመለከት የብረቱ ቀለም አይታይም፤ በግራጫ ስሜት የተሸፈነ ይመስል ነበር። ከዚህ በላይ ደግሞ እኛ ሰዎች በደግነት ያደረግንበት በደል አለ። እንዳይሰረቅ ተብሎ በሦስት ወገን በተዘጋ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ አቧራ እንዳይነካው ተብሎ በላዩ ዳንቴል ተደርቦበታል። ዳንቴሉ እጅግ ያማረ የእጅ ሥራ ነው፤ የሠራችውን እናት እናመሰግናለን። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ይልበሰው፤ ሲሠራ ግን በሐምሌ ካፖርት የለበሰ ሰው በቆላ ፀሐይ ድንጋይ እንደሚሸከም መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ያደረግነው መለካት ነው። የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳይ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ ያም ባይኖር ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በሚከፈተው ባዮስ በተባለው ገጽ ውስጥ ይገኛል። የክፍሉን ሙቀት ደግሞ ከሳይንስ ክፍል በተዋስነው ቴርሞሜትር ለካን። በየቀኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፥ አንድ ዓይነት ሥራ እያሠራን፥ ሩብ ሰዓት ጠብቀን ጻፍን። በመጀመሪያው ቀን 98 ዲግሪ ደርሶ መንቀርፈፍ ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶም ጠፋ። ከዚያ በኋላ በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ለመለወጥ ተስማማን፤ ሁሉን በአንድ ቀን ብናደርገው ያዳነው የትኛው መድኃኒት እንደ ሆነ አናውቅም ነበርና።

በሁለተኛው ቀን ከሣጥኑ አወጣነው፥ ዳንቴሉን አነሣን፥ ጀርባውን ከግድግዳው በአንድ ክንድ አራቅነው፤ 89 ሆነ። ሳንቲም አላወጣንም።

በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ከፈትን። ጓደኞቻችን ይህን በጥንቃቄ ስሙ። አስቀድሞ ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፤ ከተነቀለ በኋላ የማብሪያው ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ተጭኖ ይያዛል፥ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲያልቅ። እጅ ከመግባቱ በፊት ያልተቀባውን የኬዙን ብረት መንካት ያስፈልጋል፤ በተለይ በደረቁ በጋ የሱፍ ሹራብ የለበሰ ሰው በሰውነቱ የሚሸከመው ኤሌክትሪክ ለእሱ ባይሰማውም ራሙን ሊያበላሽ ይችላል። ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን፥ ገመዱ የሚገባበትን ሣጥን፥ ማንም እንዳይከፍት። ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ሰውን የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ አቧራው ከውጭ በፋኑ ቀዳዳ ይነፋለታል እንጂ አይፈታም።

ኮምፒዩተሩን ወደ ደጅ አውጥተን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጠረግነው፤ ለመንፊያ የብስክሌት ፓምፕ ተጠቀምን። የጎማ ቤት ኮምፕሬሰር ይሻላል ያለ ነበር፤ ነገር ግን ከእሱ ጋራ ውኃና ዘይት ሊወጣ ስለሚችልና ግፊቱም ስለሚበዛ ተውነው። ሲነፋ ፋኑን በጣት መያዝ ያስፈልጋል፤ በነፋስ ከመጠን በላይ እንዲፈተለክ ከተተወ ማሽከርከሪያው ይጎዳል። የወጣው አቧራ አንድ እፍኝ ይሞላ ነበር። በዚያን ቀን 77 ዲግሪ ጻፍን።

በአራተኛው ቀን ያ ለጥፍ፥ በገበያ ስሙ ቴርማል ፔስት፥ ተለወጠ። የብረት ክንፎቹን ስናነሣቸው አሮጌው ለጥፍ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር። የለጥፉ ሥራ ምን እንደ ሆነ ያልገባው ሰው ሊኖር ይችላል። ሁለት ብረት ምንም ቢለሰልስ ሲገጣጠም በመካከሉ በዓይን የማይታይ ጕድጓድ ይቀራል፥ በጕድጓዱም አየር ይገባል፤ አየር ደግሞ ሙቀትን በጣም ክፉ አስተላላፊ ነው። ለጥፉ ያን ጕድጓድ ይሞላል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ስለዚህ ሲበዛ አይጠቅምም፤ የአንድ አተር ፍሬ ያህል በመካከሉ ማድረግ ይበቃል፥ ክንፎቹ ሲጫኑት በራሱ ይዘረጋል። አሮጌውን ለማጽዳት ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አልኮልና ንጹሕ ጨርቅ ይሻላል። አንድ ጓደኛችን አረቄም አልኮል ነው ብሎ ነበር፤ አረቄ ከአልኮሉ ጋራ ብዙ ውኃ ያለበት ስለሆነ፥ ሌላም ችግር ስለሚያመጣ፥ ሐሳቡ ከሳቅ በኋላ ወደቀ። በለጥፍ ፈንታ የጥርስ ሳሙና ይሆናል የሚሉም አሉ። ርጥብ ሳለ ለጥቂት ቀን የሠራ ሊመስል ይችላል፥ ሲደርቅ ግን ከጭቃው አይሻልም። ብሎኖቹ ሲጠብቁ አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ሳይሆን በሰያፍ በሰያፍ፥ ጥቂት ጥቂት እያሉ ነው፤ አለዚያ አንዱ ወገን ይነሣል። ከዚህ በኋላ 68 ዲግሪ ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጊዜም አልጠፋም።

ከ98 ወደ 68 የወረደው ሠላሳ ዲግሪ ነው። ከሠላሳው ውስጥ ገንዘብ የተከፈለበት የመጨረሻው ዘጠኝ ብቻ ነው። የቀረው ሃያ አንድ ዲግሪ የብሩሽ፥ የፓምፕና የዳንቴል ማንሣት ውጤት ነው። ሞቷል የተባለው ዕቃ ይህ ነበር።

አሁን ደግሞ ወላጆቻችን ጆሮ እንድትሰጡን የምንፈልገው ስለ ወደፊቱ ነው፤ ገንዘብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነውና። ዋጋ አንጠራም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ተለዋውጧል፤ ዛሬ የምንጠራው ቁጥር ይህ መጽሔት ታትሞ እስኪወጣ ሊያረጅ ይችላል። ቅደም ተከተሉን ግን መናገር እንችላለን።

የመጀመሪያው በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም፤ ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክል ነው። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር፥ ጉልበቱም ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር፥ የሚመታው ፓወር ሰፕላዩና ሃርድ ዲስኩ ነው። በአንድ ጊዜ መምታት ባይገድለውም መቶ ጊዜ መምታት ይገድለዋል። አንድ ዩ ፒ ኤስ ቢያንስ የተጻፈውን አስቀምጦ በሰላም ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። ለሁሉም መግዛት ካልተቻለ መምህሩ ውጤት ለሚጽፉበት ለአንዱ ይገዛ።

ሁለተኛው ሃርድ ዲስኩን በኤስ ኤስ ዲ መለወጥ ነው። ለአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ከሚደረግለት ነገር ሁሉ ይህን የሚያህል የለም ብለን እናምናለን። ሃርድ ዲስክ እንደ ሸክላ የሚዞር ሳሕን አለው፤ መርፌው የሚፈለገውን ቦታ እስኪያገኝ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል። ኤስ ኤስ ዲ የሚዞር ነገር የለውም፤ የተጻፈውን እንደ ራም በኤሌክትሪክ መንገድ ያገኘዋል። ደኅና ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋ ባይት ሲያነብ በዚያው ገመድ የሚሰካ ኤስ ኤስ ዲ 500 ያህል ያነብባል፤ ትልቁ ልዩነት ግን ትንንሽና የተበታተነ ነገር ሲፈለግ ነው፥ ዊንዶውስ ሲነሣ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ከዚህም ሌላ ሙቀቱ ያነሰ ነው፤ ጠረጴዛው ቢመታ መርፌ የለውምና አይሰበርም።

ሦስተኛው ራም ነው፤ ከ4 ወደ 8 ጊጋ ባይት ማድረስ ይበቃል። ይህ ኮምፒዩተር የሚቀበለው ዲ ዲ አር 3 የሚባለውን ብቻ ነው። ዲ ዲ አር 4 ቢገዛለት ጥርሱ ስለማይገጥም አይገባም፤ በጉልበትም መግፋት ማዘርቦርዱን መስበር ነው። እዚህ ላይ አንድ የቤት አስተዳደር ዘዴ አለ። ኤስ ኤስ ዲውና ዩ ፒ ኤሱ ይህ ኮምፒዩተር ሲያልፍ ለሚቀጥለው ይተላለፋሉ፤ ስለዚህ አዲስና ደኅና መግዛት ይገባል። ዲ ዲ አር 3 ግን ከዚህ ኮምፒዩተር ጋራ አብሮ የሚቀበር ነው። ስለዚህ አዲስ አይገዛ፤ ከሞቱት ኮምፒዩተሮች ይወሰድ፥ ከጠፋም ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ያገለገለ ይፈለግ። እኛ በዕቃ ቤት ከወደቁት ሁለት ኮምፒዩተሮች አራት ፍሬ አግኝተናል፤ ሦስቱ ይሠራሉ።

በዚህ መካከል ስለ አንዲት ትንሽ ነገር እንናገር። በማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች፤ ቁጥሯ ሲ አር 2032 ነው፤ ሰዓት ጠጋኞች ዘንድ ትገኛለች። ይህች ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ቀኑን ይረሳና ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። እኛ ኢትዮጵያውያን ከፈረንጅ አቈጣጠር ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሆነን በደኅና ስለምንኖር ነገሩ አላስደነገጠንም። ነገር ግን ቀኑ የተሳሳተበት ኮምፒዩተር ብዙዎቹን የኢንተርኔት ገጾች አልከፍትም ይላል፥ የደኅንነት ማረጋገጫቸውን ቀን ስለሚመረምር ነው። ሰዎች ኔትወርክ የለም እያሉ ያዝኑ የነበረው አንዳንድ ጊዜ በዚህች ባትሪ ነበር።

ፕሮሰሰሩን በበለጠ ፕሮሰሰር መለወጥ ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ የሚመኙት ነገር ነው፤ እኛ ግን አንደግፈውም። በዚያው ቦታ የሚገጥም ኮር አይ ሰቨን አለ፤ ጽሑፍ ለመጻፍ፥ ለፈተና ለመለማመድ፥ ሒሳብ ለመሥራት ግን የሚያስገኘው ልዩነት ከወጪው ጋራ አይመዛዘንም። የጌም ካርድም እንዲሁ ነው፤ ይልቁንም እሱ ብዙ ዋት ስለሚበላ አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ያስጨንቃል፥ ያበረድነውንም ኬዝ እንደገና ያሞቃል። ይህን ስንናገር ከመካከላችን የተከፉ እንዳሉ እናውቃለን።

ስለ ዊንዶውስ አንድ ውሳኔ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የዚህን ዘመን ፕሮሰሰር በሕጉ አይቀበልም፤ በተንኰል የሚጭኑት አሉ፥ ሆኖም እድሳቱ እስከ መቼ እንደሚመጣለት ዋስትና የለውም። ከዚህ ሌላ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ የተባሉት በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራሉ፥ አማርኛም ይጻፍባቸዋል፥ የቢሮ ጽሑፍ የሚዘጋጅበት ሊብሬ ኦፊስም ይገኝባቸዋል። ይሁን እንጂ መምህራን የለመዱትን አስጥሎ ሁሉንም በአንድ ቀን መለወጥ ጠብ መግዛት ነው። የምንለምነው በአንዱ ብቻ እንዲሞከር ነው፤ ያም የፈተና መለማመጃው የማይሠራበት ባይሆን ይመረጣል።

መቼ ነው የሚተወው? ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ትናንሽ በርሜል የቆሙ ካፓሲተሮች አሉ። ራሳቸው አብጦ ወይም ቡናማ ፈሳሽ አውጥተው ከታዩ፥ ወይም ኮምፒዩተሩ በርዶ ሳለ እንኳ የሚጠፋ ከሆነ፥ በዚያ ቀን ኤስ ኤስ ዲውና ራሙ ይውጣለትና ይተው። ሲተውም ወደ ገደል አይጣል። በውስጡ እርሳስና ሌላም መርዝ አለበት፤ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል። ለጊዜው በዕቃ ቤት ተለይቶ ይቀመጥ፤ ብሎኑ፥ ፋኑና ገመዱ ለሌላው ይሆናል።

የክፍሉ ሁኔታ ዛሬ እንዲህ ነው። ከአሥራ አንዱ ኮምፒዩተሮች ሰባቱ ተጠርገዋል፤ ከሰባቱ አራቱ አዲስ ለጥፍ አግኝተዋል፥ ሦስቱ ለጥፍ ይጠብቃሉ። ሁለቱ ገና አልተከፈቱም። የቀሩት ሁለቱ የሞቱ ናቸው፥ ራማቸውን የወሰድንባቸው። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት እንሄዳለን፤ ብሩሹን፥ ፓምፑንና የሙቀቱን መዝገብ ለ10ኛና ለ11ኛ ክፍል ጓደኞቻችን አስረክበናል። በመዝገቡ የእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ቁጥር፥ የተከፈተበት ቀንና የተለካው ዲግሪ አለ። ጽዳቱ በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲሆን ተወስኗል፤ አንዱ ውቂያው ሲያልቅ በጥር መጨረሻ፥ ሁለተኛው ትምህርት ሲዘጋ በሰኔ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ዝርዝር በክበቡ ኃላፊ መምህር እጅ አለ፤ በመጀመሪያው መስመር የተጻፈው ሦስት ስሪንጋ ለጥፍ ነው፥ በሁለተኛው አንድ ዩ ፒ ኤስ። ያልተከፈቱትን ሁለቱን በሚመጣው ቅዳሜ ጧት በሦስት ሰዓት በደጁ ላይ እንከፍታቸዋለን። ማየት የሚፈልግ ወላጅ ይምጣ፤ ተማሪ የሆነ ደግሞ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ካለው ይዞ ይምጣ፥ የሱፍ ሹራቡን ግን ቤት ይተው።